ናሙና አርባ ሁለት

ወንዙ ዳር ስንደርስ «ጫማ አውልቁ» አትልም፣
«እጠቡ» ትላለች፤ ያልታጠበ አይገባም።
አንድ ባልዲ በረኪና፣ አንድ ብሩሽ ያረጀ፤
የሌላ ወንዝ ጭቃ ስንቱን ሰፈር ፈጀ።

ማንቲኬይራ ተራራ፣ ብራዚል፣ ጥር ወር ነው፤
ዝናቡ ቆሟል፣ ከቅጠል ነው አሁን የሚወርደው።
ጁሳራ ከፊት ናት፣ ግንባሯ ላይ መብራት፤
ዋልዲሚሮ ከኋላ፣ ሰባ ሁለት ዓመት፤
እኔ መሐል፣ ደብተር ይዤ፣ ቁጥር ልጽፍላት።

ቅጠሉ ውሃ ባቆረበት፣ በብሮሜሊያው ጓዳ፣
ተቀምጧል ወንዱ፣ አረንጓዴ እንግዳ።
እንግዳስ እኛ ነን።
ዝሆን ልሁን አላለም፣ አልተነፋም ከልኩ፤
አውራ ጣት ያክላል፣ ይበቃዋል መልኩ።

አዲስ ጓንት ታጠልቃለች። ለእያንዳንዱ አዲስ ጓንት።
ሆዱን አሥር ጊዜ በጥጥ ጫፍ ትዳብሳለች፣
ጭኑን አምስት፣ አምስት፤ ከንፈሯ ይቆጥራል፣ ድምፅ ግን አታወጣም፤
አራስ ልጅ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቀው አይነኩም።
ቆዳው አፉ ነው፣ ውሃ የሚጠጣበት፤
ቆዳው ጋሻው ነው፣ መርዙን የቀባበት፤
ደብዳቤውም እሱ ነው፣ ላላያት ሴት
በጨለማ ጽፎ በነፋስ የላከበት።

ከዚያ በኋላ ላብ ነው። ላብ ስል ሁለቱንም፤
ከግንባር የሚወርደውንም፣ በሩ የሚቆለፈውንም።
ማሽኑ ጠረኑን ወስዶ መስመር ያደርገዋል፣
ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ሽቅብ፣ ተራራ ይሥለዋል።
አንዱን ጫፍ ታውቀዋለች፣ ሊናሎል ይባላል፤
ሌላው ክርስትና አልተነሳም፣ ስሙን ይጠብቃል።

ዋልዲሚሮ ማሽን አልነበረውም።
አፍንጫ ነበረው። በጨለማ ይቆምና
«እዚህ አሉ» ይል ነበር፤ «የታጨደ ሣር፣
ትንሽ የሎሚ ልጣጭ፣
ዳልቫ ከጓሮ ስትገባ እጇ የሚሸተው።»
ከዚያ ያ ሳል መጣ፣ ያ የዓለም ሁሉ ሳል፤
ዳልቫን ወሰደበት፣ አፍንጫውን ዘጋበት።
ዛሬ ለእሱ ሾርባና ዝናብ አንድ ናቸው።

ናሙና አርባ ሁለት።
ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ።
ቆዳው ላይ ፈንገሱ ሰፍሯል፤
ከመስመሩ ላይ ያ ስም የለሹ ጫፍ የለም።
ሜዳ ነው። ተራራ በነበረበት ሜዳ።
ስለታመመ ነው መጻፍ የተወ፣
ወይስ መጻፍ ስለተወ ነው የታመመ?
«አላውቅም» አለች ጁሳራ።
ይህን ቃል ስትናገር አታፍርም፤
ቀን፣ ሰዓት፣ የውሃውን ሙቀት ጽፋ
ከሥሩ ታሰፍረዋለች።

ሽማግሌው ግን ሌላ ነገር ጠየቀኝ።
«ይጣራል?»
«ይጣራል» አልኩት። እዚያው ቅጠል ላይ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ።
«ጠረን ግን የለውም?»
«የለውም።»
ብሩሹን ባልዲው ውስጥ አስቀመጠ።
«ገባኝ። እኔም ቤት ገብቼ እጣራለሁ፤
ድምፄ ይሰማል። ቤቱ ግን እሷን አይሸትም።»

ጁሳራ ሣጥኗን ከፈተች፣
ከጤነኞቹ የተለቀመውን ጠረን ልታሸተው፤
ከጥፍር የማይበልጥ ጠርሙስ።
ዓይኑን ጨፍኖ ሳበ። ቆየ። ደግሞ ሳበ።
«ሣር» አለ። «አዎ፣ ሣር ነው። ሎሚውም አለ።»
ፊቱ ላይ አንድ ነገር ተፈታ፣
እንደ ቋጠሮ፣ እንደ ታሰረ ከብት።

እሷ መብራቷን ዝቅ አድርጋ ጠርሙሱን አነበበች፤
እኔም በትከሻዋ በኩል አነበብኩ።
ባዶው ነው። ለማነጻጸሪያ
ንጹህ ውሃ የተሞላው።

እርሳሴ ወረቀቱ ላይ ደርሶ ነበር።
አየችኝ። አልጻፍኩም።
ክዳኑን መልሳ ቀስ ብላ ጠበቀችው፣
ውስጡ የሆነ ነገር እንዳለ ሁሉ።

ስንወጣም ታጠብን፤ ሕጉ ለመውጫም ነው።
በረኪናው እጄ ላይ እስከ ንጋት ሸተተኝ።
ከኋላችን፣ ከቅጠሉ ውሃ፣ አንዱ ይጣራል፤
ቁጥሩን አላወቅኩትም። ዋልዲሚሮ ቆመ፣
ባርኔጣውን አነሳ፣
ከዚያ መንገዱን ቀጠለ።